ማሲንቆ በዓይን አይገዛም

ከልጆቻችሁ ወይም ከልጅ ልጆቻችሁ አንዱ ማሲንቆ መማር ከጀመረ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል እንበል። መጀመሪያ የተገዛለት ማሲንቆ ትንሽና ርካሽ ነበር። ልጁ ይዘልቅ አይዘልቅ ስላልታወቀ ያ ደህና ውሳኔ ነው። አሁን ግን ልጁ ዘልቋል። በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ይጫወታል፤ ትዝታን ከባቲ ለይቶ ያውቃል፤ ከሬዲዮ የሰማውን ዜማ እቤት ገብቶ በጣቶቹ ይፈልገዋል። አንድ ቀን አስተማሪው ወላጆቹን አስጠርቶ «ይህ ማሲንቆ ከእንግዲህ አይበቃውም» ይላል። በቤት ውስጥ ክርክር የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። አባት «ማሲንቆ ያው አንድ ጭራ አይደለም እንዴ? ምን ልዩነት አለው?» ይላል። እናት የደብተሩንና የዩኒፎርሙን ወጪ ታሰላለች። አያት ደግሞ «ልጁን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» ብለው ይቆጣሉ።

የዛሬው ጽሑፌ ለእነዚህ ለሦስቱም ነው። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን በወረታና በአካባቢው በዘመድም በጎረቤትም ቤት ይህ ጥያቄ ሲነሳ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከሠሪም፣ ከተጫዋችም፣ ከአስተማሪም ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ከሙያዬ የማውቀውንም ጨምሬ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የአባትን ጥያቄ እንመልስ። ልዩነት አለው፤ ያውም ብዙ። ልጅ መሣሪያውን አይጠረጥርም፤ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። መቃኛው እየላላ ድምፁ በየደቂቃው የሚወርድበት ልጅ «እንጨቱ መጥፎ ነው» አይልም፤ «እኔ አልችልም» ይላል። ጀማሪ ሳለ ይህ ብዙም አይጎዳውም፤ ጆሮው ገና ስላልተከፈተ ጉድለቱን አይሰማውም። ጆሮው ከተከፈተ በኋላ ግን የሚሰማውና እጁ የሚያወጣው አልገጥም ይለዋል። ብዙ ልጆች ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚተዉት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሚገፋ ተማሪ ደህና መሣሪያ መምረጥ ቅንጦት አይደለም፤ የልጁን ልብ መጠበቅ ነው።

ከቫዮሊን ጋር ሲነጻጸር

ማሲንቆና ቫዮሊን በደጋን የሚጫወቱ፣ የፈረስ ጭራ የማይለያቸው ዘመዳሞች ናቸው። ቫዮሊን ግን 4 ክር ሲኖረው ማሲንቆ ያለው 1 ብቻ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ክሩን በጣቱ ወደ እንጨቱ ይጫነዋል። ማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን አየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። የድምፁን ቦታ የሚያሳየው ምልክትም የለም፤ የሚመራው ጆሮ ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። በቫዮሊን ላይ በአንዱ ክር ያላማረ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ በሌላው ክር ላይ ሊገኝ ይችላል። በማሲንቆ ላይ ግን መሸሻ የለም። ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺሆዬውም የሚወጡት ከዚያው ከአንዱ ጭራ ነው። እሱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል። «አንድ ጭራ ብቻ ስለሆነ ምንም አይደለም» የሚለው አባት ነገሩን ገልብጦታል ማለት ነው፤ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው።

ለመስቀል የተሠራና ለመጫወት የተሠራ

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ሰሜን የሄደ ጎንደር፣ ወደ ምሥራቅ የወጣ ደብረ ታቦር ይገባል። ማሲንቆ ለመፈለግ አመቺ ቦታ ላይ ነን ማለት ነው። ነገር ግን በባሕር ዳርም ሆነ በጎንደር ለእንግዶች በሚሸጡ የስጦታ ዕቃ ሱቆች የተሰቀለው ማሲንቆ ሁሉ ለመጫወት የተሠራ አይደለም። በቀለም ያበደ፣ በዛጎል ያጌጠ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ፣ ሲጫወቱት ግን የሚነፈንፍ አለ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሳሎን ለማስጌጥ የሚፈልግ ሰው ይገዛዋል። ለተማሪ ግን አይሆንም።

ለመጫወት የተሠራውን ለማግኘት አጭሩ መንገድ በማሲንቆ የሚተዳደሩትን መጠየቅ ነው። የልጁ አስተማሪ የራሱን ማን እንደሠራለት ያውቃል። በሠርግ የሚጫወቱ አዝማሪዎችም ቆዳው ሲቀደድ ወይም ጭራው ሲያልቅ የሚሄዱበት ሰው አላቸው። በዚያ መንገድ የሚገኘው ሠሪ ሱቅ ላይኖረው ይችላል፤ በግቢው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። እሱ ዘንድ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ሳይነካው በስጦታ መልክ ድንገት የሚቀርብ ማሲንቆ ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ ጫማ ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው።

ሠሪው ዘንድ ምን እንይ?

እንጨቱ፦ የማሲንቆ ሳጥን አራት ሰሌዳዎች እየተጋጠሙ በሰያፍ የቆመ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሠራል። ብዙ ሠሪዎች የሚወዱት ዋንዛን ነው፤ ቀላል ነው፣ ለሥራ ይመቻል። ዋናው ነገር ግን እንጨቱ በደንብ መድረቁ ነው። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይሰበሰባል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ማዕዘኖቹን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ክፍተት ወይም በሙጫ የተሞላ ስንጥቅ ካለ ሠሪውን ጠይቁት። «እንጨቱ ስንት ጊዜ ደረቀ?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ሠሪ ሳይቆጣ ይመልሳል።

ቆዳው፦ ሳጥኑ ላይ የሚወጠረው ቆዳ የማሲንቆው ሳንባ ነው። ውፍረቱ እኩል፣ ቢላ ያልነካው፣ ጠጉሩ በንጽሕና የተፋቀ መሆን አለበት። በጣታችሁ ጠቆር ጠቆር ስታደርጉት እንደ ትንሽ ከበሮ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ። እንደ እርጥብ ካርቶን «ዱብ» ብሎ የሚቀር ከሆነ ወይ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ወይ አልተወጠረም። የሚሸት ከሆነ በደንብ አልደረቀም፤ ብል ያገኘዋል።

አንገቱ፦ ዓይናችሁን አንገቱ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት። ቀጥ ያለ ይሁን። የተጠማዘዘ አንገት ጭራውን ወደ አንድ ወገን ይወስደዋል፤ የልጁም የእጅ አንጓ አብሮ ይጣመማል።

መቃኛው፦ ቡና እየተፈላ ከሆነ ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው። አቦል ሲቀዳ ማሲንቆው ይቃኝ፤ ሳይነካ ይቀመጥ። በረካ ላይ እንደገና ይሰማ። አዲስ ጭራ ትንሽ መለጠጡ የታወቀ ነው፤ ሁለተኛ ሦስተኛ ጊዜ ተቃኝቶም ድምፁ ብዙ የሚወርድ ከሆነ ግን መቃኛው ቀዳዳው ላይ አልያዘም። ይህ ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነው፤ የሚስተካከለው ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ጭራውና ደጋኑ፦ ጭራው ርዝመቱ እኩል፣ ያልተጠላለፈ፣ የተበጠሰ የማይንጠለጠልበት ይሁን። አንድ የተበጠሰ ጭራ እንደ ዝንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ይጨምራል። በፈረንጅ አገር ብዙ ደጋን ሠሪዎች የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ የባዝራዋ በሽንት ስለሚነካ ነው። እኛም ብንጠይቅ አንጎዳም። የቫዮሊን ደጋን ጭራው የሚወጠርበት ብሎን አለው፤ የማሲንቆ ደጋን ግን ውጥረቱን የሚያገኘው ከራሱ ከእንጨቱ ነው። ስለዚህ ደጋኑን ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ወደ ነበረበት በፍጥነት ካልተመለሰ ድካሙ በልጁ ክንድ ላይ ነው። ለደጋኑ የሚቀባውን እጣንና መለዋወጫ ጭራ አብራችሁ ያዙ።

ጀርባ ሰጥቶ ማዳመጥ

ዓይን ያታልላል። ቆንጆ ቅርጽ ያየ ሰው ቆንጆ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ማሲንቆ አቅርቡና ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ። አስተማሪው ወይም ሠሪው በእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ዜማ ይጫወት፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ቀጥሎ ጮክ አድርጎ። ልጁ «አንደኛው» «ሁለተኛው» እያለ ይምረጥ። እናንተ ደግሞ ከግቢው ጥግ ሆናችሁ አዳምጡ። በቅርብ ሲጮህ ደስ የሚል፣ ራቅ ሲሉ ግን የማይሰማ ማሲንቆ አለ። በቅርብ ለስለስ ያለ ሆኖ ራቅ ብሎም ጥርት የሚልም አለ። ለሚገፋ ተማሪ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ከዚያ ልጁ ራሱ ይያዘው። ጭራው ሳይነካ የሚሰጠውን ድምፅ፣ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ጣት የሚወጣውን ያሰማ። ከአንዱ ጣት ላይ ድምፁ ድንገት የሚሰነጠቅ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ልብ በሉ። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የያዘችውን ትንሿን ብርኩማ ጥቂት በማንቀሳቀስ ችግሩ ሊወገድ ይችላል፤ ካልተወገደ ወደ ሌላው እለፉ። መጨረሻ ላይ አራቱንም ቅኝት ይሞክርበት። አንዱን ብቻ አሳምሮ ሦስቱን የሚያበላሽ መሣሪያ ከዓመት በኋላ ሌላ ግዢ ያመጣል።

የልጁ አካል

እዚህ ላይ እንደ ነርስ ልናገር። ልጁ ሲጫወት ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ትከሻዎቹን ተመልከቱ። ሁለቱ እኩል ናቸው? የግራው ወደ ጆሮው ከወጣ አንገቱ ለልጁ ክንድ ረዝሟል ማለት ነው። የግራ እጁ አንጓ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የተሰበረ አንጓ ለጊዜው አያምም፣ ውሎ አድሮ ግን ጅማቱን ያስቆጣል። እግሮቹ መሬት የሚነኩበት በርጩማ ላይ ይቀመጥ። «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ ጃኬት ይገዛል፤ ማሲንቆ ግን በዚያ መንገድ አይገዛም። ለ10 ዓመት ልጅና ለ16 ዓመት ወጣት አንድ ዓይነት ቁመት ያለው መሣሪያ አይስማማም።

ተማሪ ሲገፋ የልምምዱ ሰዓትም ይረዝማል። በየ25 ደቂቃው ደጋኑን አስቀምጦ እጁን ያራግፍ፣ ይነሳ፣ ውኃ ይጠጣ። የጣት ጫፍ መደንደን የሚጠበቅ ነው። የጣት መደንዘዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የክንድ ሕመም ወይም ዕቃ ከእጅ መውደቅ ግን የሚጠበቅ አይደለም፤ «ይለምደዋል» ብላችሁ አትለፉት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አስም ያለበት ልጅ ከሆነ የእጣኑ ብናኝ ሊያስለው ይችላል፤ ደጋኑን ደጅ ይቀባ፣ ከልምምድ በኋላ ሳጥኑን በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ።

የፎገራ ክረምት

የፎገራ ሜዳ ለሩዝ የሚስማማውን ያህል ለማሲንቆ አይስማማም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ አየሩ ራሱ ውኃ ይሆናል። ቆዳ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ ይረግባል፤ ድምፁም ይወፍራል፣ ይሰንፋል። በበጋ በተቃራኒው ይደርቃል፣ ይወጠራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ወረታ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ነው። ከደጋ የተገዛ ማሲንቆ ሜዳው ላይ ወርዶ ጠባዩን ቢለውጥ አትደንግጡ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡትና ከዚያ ፍረዱ።

ስለዚህ የግዢው ጊዜ ይታሰብበት። በሐምሌና በነሐሴ የሚሰማ ድምፅ የማሲንቆውን እውነተኛ ጠባይ አያሳይም። የሚሻለው ከኅዳር በኋላ ነው። ደግነቱ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ በገበሬው እጅ ገንዘብ የሚገባውም በዚያው ወራት ስለሆነ የመሣሪያውና የኪሱ ጊዜ ይገጣጠማል።

በክረምት ማሲንቆውን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ከፍ ባለ ቦታ ስቀሉት። የረገበ ቆዳ ከእሳት ራቅ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ሲሞቅ ይመለሳል። ምድጃ አጠገብ ማሳደር ግን ቆዳውንም መጋጠሚያውንም ይጎዳል። ልጁ ተጫውቶ ሲጨርስ ጭራውን ጥቂት ያላላው፤ ቆዳውም ብርኩማዋም ያርፋሉ።

ገንዘቡና ውሉ

ውድ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ጌጥ ዋጋ ይጨምራል፣ ድምፅ አይጨምርም። ዋጋ ስትነጋገሩ ጌጡን ቀንሱ እንጂ ቆዳውንና እንጨቱን አትቀንሱ። ለልጁ ቁመት ተለክቶ እንዲሠራ ካዘዛችሁ ቀብድ ከፍላችሁ፣ ቀሪውን ልጁ ከሞከረው በኋላ ስጡ። ከመለያየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ቆዳው በመጀመሪያው ክረምት ቢረግብ ማን ይወጥረዋል? መቃኛው ቢላላ ማን ያስተካክላል? ልጁ ሲያድግ ይህን መልሶ በትልቅ ይለውጣል ወይ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሠሪ ከገንዘቡ በላይ ስሙን የሚጠብቅ ሰው ነው።

እጅ ካጠረም መላ አለ። ድምፁ ጥሩ የሆነ፣ በባለሙያ እጅ የቆየ አሮጌ ማሲንቆ ቆዳውና ጭራው ሲታደስ ከብዙ አዲስ ይበልጣል። ዘመድ የልደት ወይም የፈተና ማለፊያ ስጦታ ከየፊናው ከሚሰጥ አዋጥቶ አንድ ነገር ቢገዛ ይሻላል።

«አዝማሪ ልታደርጉት ነው?»

የአያትን ቁጣ ወደ መጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለናቅሁት አይደለም። ቃሉ ስድብ ሆኖ የቆየበትን ዘመን እነሱ ያውቁታል። ነገር ግን አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ሥሩ ውርደት የለበትም። በኋላ የነጋድራስነት ማዕረግ ያገኙት ተሰማ እሸቴ ከ100 ዓመት በፊት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ አብሯቸው የተሰማው ማሲንቆ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የአገሩን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሲያሰባስብ፣ በማሲንቆው የታወቀው ጌታመሳይ አበበ ከአባላቱ አንዱ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ እንደ ፒያኖና እንደ ቫዮሊን ሁሉ በትምህርትነት ይሰጣል። በቀድሞው ልማድ ማሲንቆውን የሚይዘው ወንድ ነበር፤ አሁን ሴቶች ልጆችም ይማሩታል። የልጅ ልጃችሁ ሴት ብትሆንም ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእሷም ነው።

ይሁንና የአያቶች ስጋት ባዶ አይደለም። የሙዚቃ ገቢ እርግጠኛ አይደለም፤ ሌሊት መጠጥ ቤት ማምሸትም ለልጅ ጤና አይሆንም። መልሱ ግን ማሲንቆውን መከልከል ሳይሆን ሥርዓት ማበጀት ነው። የቀለም ትምህርቱ አይቋረጥ። ልጅ የሚጫወተው በቀን፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተሰብ ሠርግና በዓል፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይሁን። ለጨዋታው የሚሸለመውን ገንዘብ ቤተሰብ ይያዝለት፤ ለጭራና ለቆዳ ይሁነው። ይህን ደንብ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ቀን ንገሩት፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያስቸግራልና።

ደግሞም አያቶች ለዚህ ልጅ ሌላ ማንም የማይሰጠውን ሊሰጡት ይችላሉ። አስተማሪው ቅኝት ያስተምረዋል፤ የድሮውን የሠርግና የአጨዳ ዜማ ግን በልባቸው የያዙት እነሱ ናቸው። ማሲንቆው የተጫዋቹን ድምፅ ተከትሎ የሚቃኝ ስለሆነ አያት ሲያንጎራጉሩ ልጁ በእሳቸው ድምፅ ልክ ይቃኘው፤ እየተከተለ ይፈልግ። ይህ ትምህርት በገንዘብ አይገኝም።

አዲሱ ቤት ሲገባ አሮጌውን ትንሽ ማሲንቆ አትጣሉት። ቆዳው ይወጠር፣ ጭራው ይታደስ፣ ለታናሽ ወይም ለትምህርት ቤቱ ክበብ ይሰጥ። የሚጀምር ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ ለእሱ ይበቃዋል።

ቸር ሰንብቱ።